የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሠርግ ላይ እዚያው አንስቶ፣ እዚያው አትሞ መስጠት

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት በአንድ ሥራ ላይ ያተኮሩ ናቸው። በሠርግ አዳራሽ አንድ ጥግ ይዞ እንግዶችን ማንሳትና ፎቶውን ሳይሄዱ አትሞ በእጃቸው መስጠት ነው። ይህ ሥራ ከአልበም ሥራ የሚለየው «በኋላ አስተካክለዋለሁ» የሚባል ነገር ስለሌለው ነው። የአልበም ፎቶ ቢጨልም ማታ ቁጭ ተብሎ ይቃናል፤ እዚህ ግን እንግዳው ፊት ለፊት ቆሞ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ የሚመለሱት እንግዳ ከመግባቱ በፊት ወዳለው አንድ ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ 200 ያህል እንግዳ ባለበት ሠርግ እንድሠራ ተጠየቅሁ። ያለችኝ ሴልፊ (SELPHY) የምትባለው የካኖን ትንሿ የፎቶ ፕሪንተር ናት። ትበቃኛለች ወይስ ትልቅ ፕሪንተር ልከራይ?

መልስ፦ የሚወስነው የእንግዳው ብዛት ሳይሆን ስንት ቅጂ በምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጡ ነው። እንግዶች ለፎቶ የሚመቹት ሲገቡና ወንበር ከመያዛቸው በፊት ነው። ለዚህ 2 ሰዓት አገኙ እንበል። አንድ ቡድን መጥቶ፣ ቆሞ፣ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ቦታውን እስኪለቅ አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ በ2 ሰዓት 80 ቡድን ማለት ነው።

ለአንድ ቡድን አንድ ፎቶ ብቻ የሚሰጡ ከሆነ ሴልፊ ሲፒ1500 አንዱን ፖስትካርድ በ41 ሰከንድ ያህል ስለምታወጣ 80ው ፎቶ በ55 ደቂቃ ያልቃል። ትበቃዎታለች። በአንድ ቡድን በአማካይ ሦስት ሰው ኖሮ ለእያንዳንዱ ከሰጡ ግን 240 ቅጂ ይሆናል። ይህ 164 ደቂቃ ያለማቋረጥ ማተም ነው፤ ከያዙት ጊዜ 44 ደቂቃ ያልፋል። በዚህ ላይ ትሪዋ የሚይዘው 18 ወረቀት ብቻ ነው፣ የቀለም ካሴቱ በ36 ያልቃል፣ ያለ እረፍት ስትሠራ ስትግል ደግሞ እስክትቀዘቅዝ ራሷ ትቆማለች። ለየሰው የሚሰጥ ከሆነ ትልቁን ይከራዩ። ዲኤንፒ ዲኤስ620 በአንድ ጥቅል 400፣ አርኤክስ1ኤችኤስ ደግሞ 700 ባለ 4 በ6 ኢንች ፎቶ ያወጣል። ፍጥነታቸው በአንድ ፎቶ ከ8 እስከ 12 ሰከንድ ስለሆነ 240ው ቅጂ ቢበዛ በ48 ደቂቃ ይወጣል። ከ12 ኪሎ ያላነሱ ናቸውና የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ይፈልጋሉ።

ሁለቱም ዓይነት ፕሪንተሮች ዳይ ሰብሊሜሽን ናቸው። ቀለሙ ሪባን ከሚባለው ባለቀለም ስስ ፊልም በሙቀት ወደ ወረቀቱ ይተላለፋል፤ ቢጫ፣ ሮዝማ ቀይ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ በመጨረሻም መከላከያ ሽፋን፣ አራት ዙር ማለት ነው። ፎቶው ደርቆ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በሴልፊ ላይ ወረቀቱ በየዙሩ በኋላዋ በኩል ብቅ ይላል፤ ግድግዳ ካስጠጓት ወረቀቱ ተገፍቶ ቀለሙ ይዛነፋል። ከኋላዋ ቢያንስ የወረቀቱን ርዝመት ያህል ክፍት ይተዉላት።

ወረቀትና ሪባን በቁጥር እኩል ተደርገው የተሸጡ ናቸው። አንድ ወረቀት ሲበላሽ የአንድ ፎቶ ሪባንም አብሮ ይሄዳል፤ ከሚያስቡት ላይ አንድ አምስተኛ ጨምረው ይያዙ። ለማን ስንት ቅጂ እንደሚሰጥም ከሙሽሮቹ ጋር በጽሑፍ ይስማሙ። በዕለቱ «ለእኔም አንድ» የማይል እንግዳ የለም፤ ያኔ መልሱ ቀድሞ የተቆረጠ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ነጭ ቀሚስ የለበሰች እንግዳ ስትቆም የሁሉም ፊት ይጨልማል፤ ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሲቆሙ ደግሞ ፊታቸው ይነጣል። አንዳንዴም ከአንዱ ጫፍ ያለው ሰው ደምቆ ከሌላው ጫፍ ያለው ይጨልማል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የመጀመሪያው ካሜራዎን ወይም ፍላሽዎን በአውቶማቲክ በመተውዎ የመጣ ነው። ካሜራው ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን ይቀንሳል፣ ብዙ ጥቁር ሲያይ ይጨምራል። እዚህ ቦታው አይቀየርም፣ መብራቱ አይቀየርም፣ የሚቆሙበት ርቀትም አይቀየርም። ስለዚህ ካሜራውንም ፍላሹንም ማንዋል አድርገው ይቆልፏቸው። ለመነሻ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/160 ሰከንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 200 ይያዙና የፍላሹን ኃይል ፊት በትክክል እስኪታይ ያስተካክሉ። ሹተሩን በብዙ ካሜራዎች ላይ ለፍላሽ ከተቀመጠው የ1/200 ወይም የ1/250 ወሰን አያሳልፉ፤ ካለፈ ከፎቶው በአንዱ በኩል ጥቁር ሰንበር ይመጣል።

ከዚያ አንድ ፍተሻ ያድርጉ። ፍላሹን አጥፍተው፣ ሌላውን ሳይነኩ፣ አንድ ፎቶ ያንሱ። ምስሉ ጥቁር ሊባል የተቃረበ መሆን አለበት። ሰው ለይተው ካዩ የአዳራሹ መብራት እየገባ ነው ማለት ነው። በኋላ ባለቀለም የመድረክ መብራት ሲበራ አንዱ ጉንጭ አረንጓዴ፣ ሌላው ወይን ጠጅ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ነው። አይኤስኦውን ዝቅ፣ የፍላሹን ኃይል ከፍ በማድረግ ይዝጉት።

ሁለተኛው የርቀት ጉዳይ ነው። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። መብራቱ ከቅርቡ ሰው 1 ሜትር፣ ከሩቁ 2 ሜትር ከሆነ ሩቁ ሰው የሚያገኘው ሩቡን ብቻ ነው። መብራቱን ወደኋላ ስበው 3 ሜትርና 4 ሜትር ቢያደርጉት ሩቁ ሰው ከግማሽ በላይ ያገኛል፤ ልዩነቱ በጣም ይጠባል። የፍላሹን ኃይል መጨመር እንዳይረሱ እንጂ ለቡድን ፎቶ መራቅ ይሻላል። 120 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ጃንጥላ ወይም ሶፍትቦክስ ከካሜራው ጎን፣ ከሰዎቹ ቁመት ከፍ ብሎ፣ ወደ ፊታቸው ዘንበል ብሎ ይቁም። ለአንድ ሰው 45 ዲግሪ ወደ ጎን ያምራል፤ አራት አምስት ሰው ሲሆን ግን ወደ ካሜራው ያስጠጉት፣ አለዚያ የአንዱ ጥላ የጎረቤቱ ፊት ላይ ያርፋል።

ለነጩ ቀሚስ ያለው ዘዴ ደግሞ ቀላል ነው። ነጭ የለበሰችውን ከመብራቱ በሚርቀው ጫፍ፣ ጥቁር የለበሰውን በሚቀርበው ጫፍ ያቁሙ። ቀድመው ልኬቱን ሲያወጡ ነጭ ጨርቅ የያዘ ሰው አቁመው፣ ካሜራው የነጣውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳይበትን አብርተው ይመልከቱ። ጨርቁ ብልጭ ማለት ከጀመረበት ጥቂት ዝቅ ይበሉ፣ ከዚያም የመብራቱን መሃል ከቀሚሱ አንስተው ወደ ፊት ከፍታ ያዙሩት። ጠቆር ያለ ፊትና ነጭ ልብስ በአንድ ፎቶ ላይ ሁለቱም በወጉ እንዲታዩ የሚያደርገው ይህ ማዘንበል ነው፤ ቦታውን ካገኙለት በኋላ ስታንዱን ማንም እንዳያንቀሳቅሰው እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ይጫኑበት።

መነጽር የሚያንጸባርቅ ከሆነ መብራቱን ከፍ ያድርጉ ወይም ሰውየው አገጩን ጥቂት ዝቅ እንዲያደርግ ይጠይቁ። መነጽሩን አውልቅ አይበሉ። ሁልጊዜ መነጽር የሚያደርግ ሰው ያለ መነጽር ሲነሳ ራሱን አይመስልም።

ጥያቄ፦ ባክግራውንዴ 2.7 ሜትር ስፋት አለው፤ ግን በየፎቶው ዳርና ዳር ግድግዳው ይታያል። ሰዎቹ ወደኋላ ቢጠጉ ጥላቸው ያርፍበታል።

መልስ፦ ችግሩ የሌንሱ ነው። ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ይዘው 4 ሜትር ርቀው በአግድም ካነሱ፣ ሰዎቹ ባሉበት 2.9 ሜትር ያህል ስፋት ይይዛሉ። ባክግራውንዱ ከሰዎቹ 1.5 ሜትር ኋላ ሲሆን ግን እዚያ የሚታየው ስፋት ወደ 4 ሜትር ይደርሳል፤ 2.7 ሜትሩ ከየት ይሙላው? ካሜራውን በቁም ቢያዞሩት በባክግራውንዱ ላይ የሚታየው 2.6 ሜትር ይሆናል፤ በትክክል ይሸፈናል፣ ሦስት ሰውም ያለ ጭንቅ ይቆማል። ለሰፋ ቡድን 85 ሚሊሜትር ይዘው ወደ 5 ሜትር ይራቁና ሰዎቹን ለባክግራውንዱ 1 ሜትር ድረስ ያስጠጓቸው።

መሬቱ ላይ ባለቀለም ፕላስተር ለጥፈው የእግር ቦታ ያመልክቱ። በ50 ሚሊሜትር፣ በአፐርቸር 8፣ ትኩረቱ 3 ሜትር ላይ ሲሆን ከ2.3 እስከ 4.2 ሜትር ድረስ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል፤ ሁለት ረድፍ ሰው በምቾት ይገባበታል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፑ ላይ ያማረ ፎቶ ሲታተም ይጨልማል፣ ቆዳም ወደ ቀይ ያደላል።

መልስ፦ መጨለሙ ብዙውን ጊዜ የፕሪንተሩ ጥፋት አይደለም። የላፕቶፑ ብርሃን እስከ ጥግ ተከፍቶ፣ በደብዛዛ አዳራሽ ውስጥ ሲያዩት ሁሉም ፎቶ ደማቅ ይመስላል። ቤትዎ እያሉ አንድ ፎቶ አትመው በጥሩ ብርሃን ከስክሪኑ ጎን ይያዙት፤ ስክሪኑ ወረቀቱን እስኪመስል ድረስ ብርሃኑን ይቀንሱና ያን ልክ ምልክት ያድርጉበት። በሠርጉ ቀን እንዳይነኩት።

መቅላቱ ግን በአብዛኛው ቀለሙ ሁለት ጊዜ ስለሚታረም ነው፤ አንዴ በፎቶ ሶፍትዌሩ፣ አንዴ በፕሪንተሩ ድራይቨር። አንዱን ይዝጉ። ሶፍትዌሩ በፕሪንተሩ ፕሮፋይል እንዲያትም ካደረጉ በድራይቨሩ ያለውን የቀለም ማስተካከያ ያጥፉ። ካሜራውን ኤስአርጂቢ በሚባለው የቀለም ክልል ላይ፣ ዋይት ባላንሱንም (ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን) ፍላሽ ወይም 5500 ኬልቪን ላይ ይቆልፉ። አውቶ ዋይት ባላንስ ቀይ ቀሚስ ሲያይ አንድ፣ ሰማያዊ ሲያይ ሌላ ይሆናልና አንድ ቤተሰብ በሁለት ፎቶ ላይ ሁለት ዓይነት ቆዳ ይኖረዋል።

ጥያቄ፦ በካሜራው ላይ ሙሉ የነበረ እግር ወይም የፀጉር ጫፍ ሲታተም ይቆረጣል።

መልስ፦ የብዙ ካሜራዎች ምስል 3 ለ2 ስለሆነ ከ4 በ6 ወረቀት ጋር ልክ ይገጥማል። 4 ለ3 የሚያነሳ ካሜራ ግን ከቁመቱ አንድ ዘጠነኛ ያጣል። 3 ለ2ን በ5 በ7 ካተሙ ከርዝመቱ አንድ አሥራ አምስተኛ፣ በ8 በ10 ካተሙ አንድ ስድስተኛ ይሄዳል። በዚህ ላይ ጠርዝ አልባ ህትመት ምስሉን ከወረቀቱ ትንሽ አስፍቶ ዳሩን ይጥለዋል። ካሜራዎ ስክሪን ላይ በቀጭን ፕላስተር የወረቀቱን ወሰን ምልክት ያድርጉና ከእግር በታች፣ ከራስ በላይ እጅ የሚያህል ቦታ ይተዉ። የሙሽሮቹ ስም ያለበት ክፈፍ ከታች የሚገባ ከሆነማ ክፈፉ የሚይዘውን ቦታ ቀድመው በሙከራ ህትመት ይለኩት።

ጥያቄ፦ ሥራው መሃል ላይ ሲደርስ ህትመቴ ላይ ቀጭን መስመር መታየት ይጀምራል። አንዳንዴም ነጭ ነጠብጣብ።

መልስ፦ ያበላሹትን ሦስት አራት ወረቀቶች ጎን ለጎን ደርድረው ይመልከቱ። መስመሩ በሁሉም ላይ በአንድ ቦታ፣ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ የሚያትመው የሙቀት ጫፍ ላይ ቆሻሻ ተጣብቋል። ፕሪንተሩን አጥፍተው፣ እስኪበርድ ጠብቀው፣ ለስላሳና ቃጫ የማይለቅ ጨርቅ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክረው በአንድ አቅጣጫ ይጥረጉት፤ እስኪደርቅም ይጠብቁ። ከተጠረገም በኋላ ካልጠፋ ጫፉ ተጎድቷል፤ በዚያ ማሽን መቀጠል የለብዎትም። ነጠብጣቡ ግን በየወረቀቱ ቦታ የሚቀያይር ከሆነ አቧራ ነው ወይም ወረቀቱ ላይ ያረፈ የጣት ቅባት፤ ቀለሙ እዚያ ላይ አይያዝም። ወረቀት በጠርዙ ብቻ ይያዝ። ፕሪንተሩም ከዳንሱ ቦታና ከበሩ አጠገብ አይቀመጥ። ስንጥቅ የመሰለ ሰያፍ መስመር ከሆነ ደግሞ ሪባኑ ላልቶ ተጨማድዷል፤ አውጥተው በጥርሱ በኩል ጥቂት ጠምዝዘው ያጥብቁት።

ከቀዝቃዛ መኪና አውጥተው ወደ ሞቃት አዳራሽ ካስገቡት ፕሪንተሩን ሳያበሩ አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩት፤ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ጥቅሉን በመሃል አያውጡ፤ ተመልሶ ሲገባ ጥቂት ባዶ ወረቀት ጥሎ ነው የሚጀምረው። የኤሌክትሪክ መስመሩም ከድምፅ መሣሪያውና ከማሞቂያዎች የተለየ ይሁን። መብራት በመሃል ሲቋረጥ በማሽኑ ውስጥ ያለው ፎቶ ይጠፋል፣ ወረቀቱም ሪባኑም አብረው ይባክናሉ።

ጥያቄ፦ ከካሜራ ወደ ላፕቶፕ በዋይፋይ እልካለሁ። ሲፈተሽ ሠርቶ እንግዳ ሲሞላ ይቋረጣል። አንዳንድ ፎቶም ግማሹ ግራጫ ሆኖ ይታተማል።

መልስ፦ አዳራሹ ሲሞላ መቶ ስልክ አብሮ ገብቷል፤ ሁሉም በ2.4 ጊጋኸርትዝ ይጣበባሉ። የራስዎን ራውተር ይያዙ፣ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ካሜራዎ የሚችል ከሆነም በ5 ጊጋኸርትዝ ያገናኙ። ከሁሉ የሚታመነው ግን ኬብል ነው። ተራ የዩኤስቢ 2 ኬብል ከ5 ሜትር በላይ አይራዝም። መሬት ላይ በፕላስተር ይለጠፍ፤ በካሜራው በኩል ደግሞ በመቆለፊያ ይያዝ፣ ሰው ሲረግጠው ሶኬቱ እንዳይሰበር። ፎቶው በካሜራው ካርድ ላይም አብሮ ይቀመጥ።

ባለ 4 በ6 ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) የሚፈልገው 1200 በ1800 ፒክስል ነው፤ 2.2 ሚሊዮን ገደማ። 24 ሚሊዮን ፒክስል የሚልኩ ከሆነ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ሸክም ያለ ጥቅም እየጫኑ ነው። ራው (ያልተነካው ትልቁ ፋይል) ካርዱ ላይ ይቅር፣ ወደ ላፕቶፕ የሚሄደው አነስተኛው ጄፔግ ይሁን።

ግራጫው ምክንያቱ ሌላ ነው። የገባበትን ሁሉ ወዲያው የሚያትም ፎልደር እየተጠቀሙ ነው፤ ፋይሉ ገና እየገባ ሳለ ፕሪንተሩ ያነሳዋል። ፎቶዎቹ መጀመሪያ ሌላ ፎልደር ውስጥ ይውረዱ፣ ረዳትዎ ከሦስቱ ዓይኑን ያልጨፈነበትን መርጦ ወደ ማተሚያው ፎልደር ያዛውር። ይህች ምርጫ አምስት ሰከንድ ብትፈጅ ነው፤ ወረቀትም ታድናለች።

ጥያቄ፦ ፎቶው ከታተመ በኋላ የማን እንደሆነ ይጠፋብናል፤ ሰልፉም ይረዝማል።

መልስ፦ ሦስት ሰው ይፈልጋል፦ አንሺ፣ አታሚ፣ አስረካቢ። አንዱ ሰው ሁለቱን ከደረበ የሚበላሸው ማስረከቡ ነው። ለየቡድኑ ቁጥር ያለው ትንሽ ካርድ ይስጡ፤ የመጀመሪያውን ፎቶ ካርዱን ይዘው ይነሱ፣ ከዚያ ካርዱን ይደብቁ። አታሚው ከዚያች ፎቶ ቁጥሩን አይቶ የመረጠውን ያትማል፣ ፎቶው በሚገባበት የካርቶን ማቀፊያ ጀርባ ላይም ቁጥሩን በእርሳስ ይጽፋል። ፎቶዎቹ በጠረጴዛ ላይ በቁጥር ተራ፣ ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ ይደርደሩ። ሰው የራሱን ፊት ከሩቅ ይለያልና አብዛኛው ሰው ሳይጠይቅ ያነሳል። እዚያው ቆመው እንዲጠብቁ አያድርጉ፤ ሰልፍን የሚያረዝመው የተነሳው ሰው ነው፣ ገና የሚነሳው አይደለም።

ግብዣው ከማለቁ 30 ደቂቃ በፊት ማንሳት ያቁሙ። ለሕፃናትና ለአዛውንቶች ወንበር ይዘጋጅ፤ ከሰልፉም ቀድመው ይነሱ።

ጥያቄ፦ ፕሪንተር ትቼ ፎቶውን እዚያው ራሱ በሚያወጣው የኢንስታክስ ካሜራ ብሠራስ?

መልስ፦ ለእንግዳ መዝገብ ያምራል፤ ለማስረከብ ግን አንድ ብቻ ነው የሚወጣው፣ ቅጂ የለውም። የኢንስታክስ ሚኒ ምስል 62 በ46 ሚሊሜትር ነው፤ ከሦስት ሰው በላይ ፊት አይለይም። በአንድ ፓኬት 10 ፊልም አለ፤ አንዱ 90 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ከ5 ዲግሪ በታች ይገረጣል፣ ከ40 በላይም አይሆንለትም። ፊልሙን ማርገብገብ አያፈጥነውም፤ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ይተዉት።

ጥያቄ፦ የሰጠነው ፎቶ እንዳይበላሽ ለእንግዳው ምን እንንገረው? የተረፈውስ ሪባን ምን ይደረጋል?

መልስ፦ የዳይ ሰብሊሜሽን ህትመት ውሃ ቢነካው ይችላል፤ የሚጎዳው አልኮልና ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። ሽቶ የነካው ወይም ቪኒል መያዣ ውስጥ ለወራት የቆየ ፎቶ ቀለሙ ይፈሳል ወይም ይጣበቃል። በካርቶን ማቀፊያ ይስጡ፤ ምርቃት የሚጽፍ ካለ በካርቶኑ ላይ እንጂ በፎቶው ላይ በማርከር አይጻፍ።

ያለቀውን ሪባን ወደ ብርሃን ይዘው ይመልከቱት። የታተመው ፎቶ ሁሉ በየቀለሙ ተገልብጦ እዚያ ላይ ቀርቷል፤ የእንግዶቹ ፊት፣ የልጆቻቸውም፣ አንድ በአንድ ይነበባል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ሪባኑን አዳራሹ ቆሻሻ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። ጥቅሉን ይዘው ይመለሱና በመቀስ ወይም በወረቀት መፍጫ ቆራርጠው ይጣሉት። ላፕቶፑ ላይ የቀረውንም ፎቶ ለሙሽሮቹ ካስረከቡ በኋላ በተስማሙበት ቀን ያጥፉት፤ ቀኑም በውሉ ላይ ይጻፍ።